በቅርንፉድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ቅርንፉድ የማይገኝበት ጓዳ ጥቂት ነው። ለሻዩም ለጥርሱም የሚነሣው እሱ ነው። ዛፉ ግን የእኛ አገር አይደለም። ትውልዱ ኢንዶኔዥያ፣ የሞሉካ ደሴቶች ነው፤ ዛሬ ዛንዚባርና ማዳጋስካርም በብዛት ያመርቱታል። ሙቀትና ዝናብ የሚወድ ስለሆነ የደሴን ብርድ አይችልም። እኛ ፍሬ የምንለውም የአበባ እምቡጥ ነው፤ ሳይፈካ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጨ መግዛት ነው። ከተፈጨ በኋላ ሽታው ቶሎ ይተናል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ባቲ ሰኞ ገበያ ከወጣችሁ ድፍኑን ግዙ። ራሷ ላይ ያለችው ድቡልቡል ያልረገፈችውን ምረጡ። እንጨቷን በጥፍር ጫን ስትሏት ወዝ ካወጣች ጥሩ ናት። ቤት ገብታችሁ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጓት። ዘይቷ ያለው ትሰምጣለች ወይም ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ዘይቷ የተሟጠጠው ጋደም ብላ ትንሳፈፋለች።

ሁለተኛው ማብዛት ነው። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቀረፋውም ሄሉም አይሰማም፣ ምላስም ይደነዝዛል። እንግዳው «ደስ ይላል» ብሎ ቢጠጣ እንኳ አትመኑት፤ ይሉኝታ ይዞት ነው።

ትልቁ ስህተት ጥርስ ላይ ነው። «እቴ፣ ቅርንፉድ ነክሰሽ ተኚ፣ ጧት ይለቅሻል» ይባላል። ማስታገሱ እውነት ነው። ዩጂኖል የሚባለው ንጥረ ነገር ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ችግሩ፣ ሕመሙ ሲተው ጥርሱ የዳነ ይመስለናል። የተቦረቦረው ጥርስ ግን እንደተቦረቦረ ነው፤ ከሥሩ መግል መያዙንም ቅርንፉድ አያስቆመውም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ሐኪም ቤት ነው።

በብልቃጥ የሚሸጠው ዘይት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬውን እንደመንከስ አይደለም፣ በጣም ኃይለኛ ነው። ሳይቀጥን ድድ ላይ ሲፈስ ያቃጥላል። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ድዱን መቀባት ጨርሶ አይሞከርም፤ ልጅ ዘይቱን ከዋጠ ጉበቱ ሊጎዳ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ብልቃጡን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ቅርንፉድን እንደ መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ሻይ ውስጥ ስለገባች አንዲት ፍሬ ግን ማንም አይጨነቅ።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ፣ ከምድጃ ራቅ ያለ ጨለማ ቦታ። ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ምድጃ ላይ ማንጠልጠሉ ብቻ ይቅር።