ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ

በጎጃም ሠርግ፣ ክርስትናና ዓመት በዓል ለሚያነሳ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነጭ ነጠላንና ጠይም ፊትን፣ አንዱንም ሳያበላሹ፣ በአንድ ፎቶ ማስገባት ነው። ነጠላው ከነጣ ጥለቱና ሽመናው ይጠፋል፤ ፊቱ ከጠቆረ ደግሞ የሙሽሪት እናት አይምሯችሁም። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ስለ ካሜራ ዋጋ ሳይሆን ስለዚሁ ነገር ልንገራችሁ።

ካሜራው የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ብርሃን መለኪያው ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ሐበሻ ቀሚስ የለበሱ አምስት ሴቶች ፎቶውን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊታቸው ይጨልማል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲቆሙ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በመሆኑም መለኪያውን አንድ ነጥብ ብቻ ወደሚያነብበት ስልት ቀይሩትና ጉንጭ ላይ አነጣጥሩ፤ ፊቱ በጣም ጠይም ከሆነ መለኪያው ካለው ላይ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ቀንሱ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ይህን መቀያየር የሚያታክታችሁ ከሆነ በተለመደው መለኪያ እየሠራችሁ፣ ነጭ ልብስ ሲበዛ በ«+/−» ቁልፉ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምሩ። ከዚያ ብርሃን በዝቶበት የተቃጠለውን ቦታ እያብለጨለጨ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ። ነጠላው ላይ ካብለጨለጨ አንድ ሦስተኛ ቀንሱ። ሰማዩ ላይ ከሆነ ተዉት፤ ሰማዩን ማን ጋበዘው?

በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል እንዳለ በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ አንሱ። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። የጠቆረ ፊት ኋላ ላይ ሳይዥጎረጎር የሚወጣው በዚህ ትርፍ ነው። በስልክ የምታነሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ ያዙ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ሲቆለፍ ነጠላው እስኪታይ ድረስ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ።

ለአንድ ሰው 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብባል) 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/200 ሰከንድ የማይዘገይ ይበቃል። ዘመድ በሁለትና በሦስት ረድፍ ሲቆም ወደ 5.6 ወይም 8 ዝጉት፤ አለበለዚያ ከኋላ የቆሙት አያቶች ይደበዝዛሉ፤ መጀመሪያ የሚፈለገው ፎቶ ደግሞ የእነሱ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማንሳት የምትሄዱ ከሆነ 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሹተር ያስፈልጋችኋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ብርሃኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ አለው፤ ሙሽሮቹን እዚያ አቁሟቸው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሠርግ ይህ ዘዴ አይሠራም። ሚያዝያ 9 አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ የትኛውም ግድግዳ ጥላ አይሰጥም፣ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ያን ጊዜ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ደጅ አታንሱ። ሰዎቹን በረንዳ ወይም በር ላይ፣ ጣሪያው ከሚያልቅበት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙሩ። ፊት ለፊት ያለው ብሩህ መሬት ከታች ያበራላቸዋል። እኔ በስቱዲዮ መብራት ከማገኘው ፎቶ ይልቅ የምወደው ይህንን ነው።

ስለ ዳስ ልናገር፤ ብዙ ሠርግ የሚበላሸው እዚያ ነው። በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ሸራ ሥር የሚያልፍ ብርሃን የሸራውን ቀለም ይዞ ፊት ላይ ይወርዳል። የሙሽራው ግንባር አረንጓዴ ሲሆን በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል ይላሉ፤ ከአንድ በኩል ሸራ፣ ከሌላው በኩል የቀን ብርሃን ሲገባ ግን ፊቱ ሁለት ቀለም ይይዛል፣ ያን ለማጽዳት ሌሊቱን መቀመጥ ነው። ዳሱ ክፍት ወደሆነበት ጎን ወይም ወደ በሩ አስጠጓቸው። ካልሆነ በፍላሽ አሸንፉት፦ ፍላሹን ነጭ ግድግዳ ወይም በሰው የተያዘ ጋቢ ላይ አንጥሩት እንጂ ፊት ለፊት አትተኩሱ። ያው ጋቢ ደጅ ላይም ከደረት በታች ተዘርግቶ ሲያዝ የአገጭን ጥላ ያነሳል። ያዡ ጎረምሳ ከሆነ ግን እየደጋገማችሁ አስታውሱት፤ ዓይኑ ሚዜዎቹ ላይ ነው።

ስለ ጢስ ዓባይ ብዙ አልልም። ውኃው በሚሞላበት በክረምቱ ማብቂያ ሂዱ፤ እሱም ነጭ ነውና እንደ ነጠላው ተጠንቀቁለት። ሐር እንዲመስል ትራይፖድና ግማሽ ሰከንድ ያህል ሹተር፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል።

ወደ ማስተካከሉ እንምጣ። የማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይትሩምም ሆነ ስልክ ላይ ያለው ስናፕሲድ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ መጀመሪያ የቀለም ሚዛን፣ ቀጥሎ አጠቃላይ ብርሃን፣ ከዚያ የደማቁን ክፍል መቀነስ፣ በመጨረሻ ጨለማውን ትንሽ ማንሳት። የቀለም ሚዛኑን ነጠላው ላይ ጠቅ አድርጎ ማስተካከል ያስጎመጃል፤ አዲስ የታጠበ ነጭ ልብስ ግን በዱቄት ሳሙናው ምክንያት ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ስለሚችል ፊቱ ይቢጫል። ከሥራው በፊት ግራጫ ካርድ አንድ ጊዜ ማንሳት ይሻላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። «እህቴ፣ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ ብዙ ስቱዲዮም ያደርገዋል። የጠይም ቆዳ ቀለም በአብዛኛው የሚኖረው በብርቱካናማው ውስጥ ነው፤ የዚያን ብሩህነት ወደ ላይ ስትገፉት ፊቱ አይቀላም፣ አመድ ይመስላል፤ እጁና አንገቱም ከፊቱ ይለያያሉ። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ፊቱን ብቻ በማስክ መርጬ ብርሃኑን አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እጨምራለሁ፣ ጉንጭና ግንባር ላይ ያለውን ወዝ ግን እተወዋለሁ። ጠይም ፊት ቅርጽ የሚያገኘው በዚያ ወዝ ነው፤ ለስላሳ ማድረጊያውን ስትጎትቱ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ደንበኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ አብዛኛውን ጊዜ የእኔን ትመርጣለች። ካልመረጠች ገንዘቧ ነው፤ ስሜን ግን አልጽፍበትም።

ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ይጨመቃል። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1,181 በ1,772 ፒክስል ይበቃል። ወረቀት እንደ ስክሪን ከውስጥ አያበራምና ለኅትመት የሚሄደውን ትንሽ አብሩት፤ ሙሉ አልበም ከማዘዛችሁ በፊትም ከሁሉ ጠይም የሆነውን ፊት የያዘውን አንዱን ፎቶ አሳትሙና በቀን ብርሃን እዩት።