በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ያልተመደበ የዲስክ ቦታን እንዴት ለሥራ ማዋል ይቻላል

የሊኑክስ ዓይነት የሆነውን ኡቡንቱን ሲጭኑ ከ1 ቴራባይት ዲስክ ግማሹን ብቻ ሰጥተውት ከሆነ ቀሪው 500 ጊጋባይት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ፋይል የሚቀበለው ክፋይ፣ ማለትም ራሱን ችሎ የተከለለ የዲስክ ክፍል፣ ሆኖ ፎርማት ሲደረግ ነው። ለዚህ ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው «ዲስክስ» የተባለው ፕሮግራም ይበቃል።

መጀመሪያ ግን ሁለት ዓይነት ባዶ ቦታ እንለይ። አንዱ በነባር ክፋይ ውስጥ ፋይል ያልገባበት ነው፤ ሌላው የየትኛውም ክፋይ አካል ያልሆነ ነው። የፊተኛው ሰው ያልገባበት የቤት ክፍል፣ የኋለኛው ገና ያልታጠረ መሬት ነው። እዚህ የምናወራው ስለ መሬቱ ነው። ያለዎት የቤቱ ክፍል ብቻ ከሆነ ክፋዩን ማሳነስ ይኖርብዎታል፤ ኡቡንቱ በተለምዶ የሚጠቀምበት ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል አደረጃጀት ደግሞ ሥራ ላይ እያለ ስለማያንስ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ ማስነሳት ግድ ይላል።

ፋይሎችዎን በውጭ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ከዚያ ዲስኩን ይንቀሉት። አደራ፣ ይህን አይዝለሉ! በዚህ ሥራ ከባዱ ጥፋት የሚደርሰው ሌላ ዲስክ በስህተት ሲመረጥ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ ግን በስህተት አይመረጥም።

ፕሮግራሙን ከፍተው ከግራው ዝርዝር ዲስክዎን በሞዴሉና በመጠኑ ለይተው ይምረጡ። በሥዕሉ ላይ «ፍሪ ስፔስ» የሚለውን ክፍል ይጫኑና የመደመር ምልክቱን ይንኩ። በአሮጌው የኤምቢአር አከፋፈል የተደራጀ ዲስክ ከ4 በላይ ዋና ክፋዮችን አይቀበልም፤ አዲሱ ጂፒቲ ግን በተለምዶ እስከ 128 ይፈቅዳል።

መጠኑን ከወሰኑ በኋላ ስም ይስጡት። በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ ሆኖም ኢኤክስቲ4 ለስም የሚሰጠው ቦታ 16 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ5 ፊደል አይለፉ፤ «ሰነድ» ወይም «ፎቶ» ይበቃል። ክፋዩን የሚጠቀመው ሊኑክስ ብቻ ከሆነ ኢኤክስቲ4ን፣ ዊንዶውስም የሚያነበው ከሆነ ኤንቲኤፍኤስን ይምረጡ። ይዘውት በሚዞሩት ላፕቶፕ ላይ ከሆነ በይለፍ ቃል የሚቆልፈውን ምርጫ እንዲጨምሩ እመክራለሁ። የመጨረሻውን ቁልፍ ሲጫኑ ክፋዩ ወዲያው ይፈጠራል።

ኢኤክስቲ4 5 በመቶውን ለስርዓቱ አስተዳዳሪ ስለሚያስቀር ከ500 ጊጋባይት 25ቱ ቢጎድል አይደንግጡ።

አሁን ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ተጭነው ክፋዩን ያገናኙት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ እንዲገናኝ ከፈለጉ በጥርሳም መንኮራኩሩ ምልክት ውስጥ የማገናኛ ምርጫዎቹን ከፍተው «ሲስተም ሲነሳ አገናኝ» የሚለውን ያብሩ። ፋይል ከማዛወርዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱና ክፋዩ በፋይል ማሳያው ላይ መኖሩን ይመልከቱ።