የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይትን የሥራ ዝርዝር ማዘጋጀት፦ ከኩባንያው ጀምሩ

የአንዲትን ድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት ሥራዎች ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ዝርዝር ይገለብጥና እላዩ ላይ መጨመር ይጀምራል። ጥፋቱ ከዚያ ይመጣል። አሥር ቦታ ተጽፎ የምታገኙት ርዕስ ሥሩ ሲፈተሽ ከአንድ የተሳሳተ ምንጭ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ባዶ ሠንጠረዥ ክፈቱና መጀመሪያ ይህን መልሱ፦ ተዋናይቷ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር በየትኛው ኩባንያ ተቀጥራ ነበር? የፊልሞቹ ርዕስ ከዚያ በኋላ ይምጣ። (እዚህ የምንናገረው ስለ አሜሪካ ፊልሞች ነው፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከኩባንያው የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ 1910 አካባቢ ድረስ የተዋንያንን ስም ፊልሙ ላይ መጻፍ የተለመደ አልነበረም። ተዋናይት ፍሎረንስ ላውረንስ በ1908 እና በ1909 ባዮግራፍ በተባለው የፊልም ኩባንያ ስትሠራ ተመልካቹ ፊቷን እንጂ ስሟን አያውቅም ነበር፤ ስሟ የገነነው በ1910 የፊልም አምራቹ ካርል ሌምል ወደ ራሱ ኩባንያ ከወሰዳት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1908 መጽሔት ውስጥ ስሟን ፈልጋችሁ ብታጡት አልሠራችም ማለት አይደለም። ባዮግራፍ በዚያ ዘመን በሳምንት ሁለት ቀን አዲስ ፊልም ያወጣ ነበር፤ የተቀጠረችበትን ጊዜ ካወቃችሁ ልትኖርባቸው የምትችለውን ፊልሞች በሳምንት በሳምንት መደርደር ትችላላችሁ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የባዮግራፍ ተዋንያን እዚያ የፈጠራ ስም ይሰጣቸው ስለነበር ብላንሽ ስዊት «ዳፍኒ ዌይን»፣ ሜብል ኖርማንድ ደግሞ «ሙሪየል ፎርቴስክዩ» ተብለው ታገኟቸዋላችሁ።

ለሠንጠረዡ ስምንት ዓምድ ይበቃል፦ የተለቀቀበት ቀን፣ ኩባንያ፣ ርዕስ፣ ሌላ ርዕስ፣ ርዝመት፣ ሚና፣ ማስረጃ፣ የቅጂ ሁኔታ። ከሁሉም የሚበልጠው የማስረጃው ዓምድ ነው። በፊልሙ ወይም ከፊልሙ በተወሰደ ፎቶ ፊቷ ከታየ «ሀ»፣ በዚያው ዘመን የታተመ መጽሔት ስሟን ከጠራ «ለ»፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በተሰጠ ቃለ መጠይቅ ወይም ማስታወሻ ላይ ከተነሣ «ሐ»፣ ምንጭ ከሌለው ዝርዝር ከመጣ «መ» ብላችሁ መድቡ። «መ»ን አትሰርዙት፤ ነገ ማስረጃ ሊገኝለት ይችላል። ድምር ውስጥ ግን አታስገቡት።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቅጂ መብት የተመዘገበበት፣ ኒው ዮርክ ላይ መጀመሪያ የታየበት፣ ለመላ አገሪቱ የተለቀቀበትና ግምገማው የታተመበት ቀን አራት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። በተለይ ለረጅም ፊልሞች በመካከላቸው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንዱን ፊልም ሁለት አድርጎ የሚያስቆጥረውም ይኸው ነው። አጠቃላይ የተለቀቀበትን ቀን መለኪያ አድርጋችሁ የቀሩትን በማስታወሻ ያዙ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1951 ያሳተመው የ1912–1939 የፊልም ቅጂ መብት ካታሎግ ርዕስን፣ ኩባንያንና የሪል (የፊልም ጥቅል) ብዛትን ለማጣራት እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሁሉም ፊልም አልተመዘገበም።

ለ«ለ» ማስረጃ ዋናው ምንጭ ከ1907 እስከ 1927 የታተመው «ሙቪንግ ፒክቸር ወርልድ» ነው። እሱና ሌሎች የዘመኑ መጽሔቶች ስካን ተደርገው «ላንተርን» በተባለው የፍለጋ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ሙሉ ስም ብቻ ብትጽፉ ግማሹ ያመልጣችኋል፤ ኮምፒውተሩ ያረጀውን ኅትመት ሲያነብ ፊደል ያሳስታል፣ በመስመር መጨረሻ የተቆረጠውን ስምም አያገኘውም። የቤተሰብ ስሟን ለብቻ፣ በተለያየ አጻጻፍ፣ ከዚያም የፊልሙን ርዕስ ከኩባንያው ጋር ፈልጉ። ያገኛችሁትንም ከገጹ ምስል ላይ አንብቡ።

ርዝመቱን በጫማ (በፉት) መዝግቡ። አንድ ሙሉ ሪል 35 ሚሊ ሜትር ፊልም 1,000 ጫማ ያህል ሲሆን በአንድ ጫማ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለ። በሰከንድ 16 ፍሬም ሲታይ እንግዲህ አንድ ጫማ አንድ ሰከንድ ነው። 980 ጫማ ተብሎ የተመዘገበ ፊልም በዚህ ፍጥነት 16 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሮጥ ግን 10 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። ስለዚህ 11 ደቂቃ ገደማ የሆነ ቪዲዮ ስታዩ «ተቆርጧል» ለማለት አትቸኩሉ፤ ሰዎቹ ሲራመዱ የሚጣደፉ ከሆነ ፊልሙ ሙሉ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ግን በአንድ ጫማ 40 ፍሬም ስላለ ያው 980 ጫማ 392 ጫማ ይሆናል።

ፊቷን ስትለዩ በፀጉርና በዓይን ቀለም አትመኑ። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ በብዛት ይሠራበት የነበረው ጥሬ ፊልም ቀይ ብርሃን አይቀበልም፤ ሰማያዊን ደግሞ ያነጣዋል። ቀይ ፀጉር ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ዓይን ነጭ መስሎ ይወጣል። የጆሮዋን ቅርጽ፣ የፀጉሯን መነሻና የጥርሷን አቀማመጥ በዚያው ዓመት ከተነሣችው ፎቶ ጋር አስተያዩ። ዕድሜም ይዋሻል፤ ተዋናይት ሊሊያን ጊሽ የተወለደችው በ1893 ቢሆንም ለረጅም ጊዜ 1896 ሲባል ኖሯል።

ተከታታይ ፊልሞችን በጅምላ አትስጧት። «ዘ ሃዛርድስ ኦቭ ሄለን» ከ1914 እስከ 1917 በ119 ክፍል ወጥቷል፤ ሄለን ሆምስ ጀመረችው፣ በ1915 ሄለን ጊብሰን ተተካችባት። ሁለቱም ሄለን መሆናቸው ስንቱን ዝርዝር አበላሽቷል! በየክፍሉ ማን እንዳለች ካላጣራችሁ የአንዷን ድካም ለሌላዋ ትሰጣላችሁ።

የመጨረሻው ዓምድ የሚያሳዝነው ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተለቀቁት 10,919 ረጅም ፊልሞች መጀመሪያ በተለቀቁበት መልክ የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የፎክስ ኩባንያ ተዋናይት የነበረችው የቴዳ ባራ ሥራዎች አብዛኞቹ የሉም፤ ሐምሌ 1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ የሚገኘው የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል ከኩባንያው የድምፅ አልባ ፊልሞች እጅግ ብዙው ጠፍቷል። ቢሆንም «ጠፍቷል» ብላችሁ አትዝጉት፤ «ቅጂ አልታወቀም» ብላችሁ ያጣራችሁበትን ቀን ጻፉ። በ1978 ካናዳ ዶውሰን ከተማ ውስጥ ከመሬት ሥር 533 ሪል ወጥቷል፤ በ2010 ኒው ዚላንድ ውስጥ ከተገኙት መካከልም ጠፍቶ የነበረ የሜብል ኖርማንድ ፊልም አለ።

ወደ ፊልም ቤተ መዛግብት ስትጽፉ የመጀመሪያውን ርዕስ፣ ዓመት፣ ኩባንያ፣ ዳይሬክተርና ርዝመት በጫማ አብራችሁ ላኩ፤ ውጭ አገር የተረፈ ቅጂ በሌላ ቋንቋ ርዕስ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላልና የምታውቁትን ሌላ ርዕስም ጨምሩ። ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ፦ ኔጋቲቭ (ቅጂ የሚታተምበት ዋና ፊልም) ነው ወይስ ለማሳያ የታተመ ቅጂ፣ ስንት ጫማ ተርፏል፣ የትኞቹ ሪሎች ይጎድላሉ፣ በትዕይንቶቹ መካከል የሚታዩት የጽሑፍ ካርዶች በምን ቋንቋ ናቸው? «አለን» የሚል መልስ ብቻ አይበቃም፤ ከአምስት ሪል አንዱ ብቻ ያለውም «አለ» ይባላል።