ለኦንላይን ጌም ቡድን ድረ ገጽ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ የኦንላይን ጌም ቡድን የራሱን ድረ ገጽ ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ አርማው፣ ስለ ቀለሙና መነሻ ገጹ ላይ ስለሚወጣው ቪዲዮ ነው። ይህን የሚወስኑት አባላቱ ናቸው፤ ገጹን ከማንም ቀድመው የሚያዩትና የሚያደንቁትም እነሱው ናቸው። ይሁንና ገጹ ተከፍቶ ጥቂት እንደቆየ ሁሉም ወደ ዲስኮርዱ (የጽሑፍና የድምፅ መወያያ መተግበሪያ) ይመለሳል፤ ልምምድ የሚቀጣጠሩት፣ የሚከራከሩትና የሚቀላለዱት እዚያ ነውና። ከዚያ በኋላ ድረ ገጹን የሚከፍተው ቡድኑን የማያውቅ ሰው ነው፦ ለመቀላቀል የሚያስብ ተጫዋች፣ የወዳጅነት ግጥሚያ የሚፈልግ የሌላ ቡድን አምበል፣ ወይም የተመዘገቡትን ቡድኖች የሚያጣራ የውድድር አዘጋጅ። ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን እንግዳ ከመዘንጋት የሚመነጩ ናቸው።

መነሻ ገጹ ስለ ቡድኑ ምንም አለመናገሩ

ብዙ የቡድን ድረ ገጾች ሲከፈቱ የሚታየው ትልቅ አርማ፣ ከሥሩም አንድ መፈክር ብቻ ነው። ቡድኑ የትኛውን ጌም እንደሚጫወት ለማወቅ እንኳ ሌላ ገጽ መክፈት ያስፈልጋል። እንግዳው ግን ወደ ታች ሳይወርድ ሊያውቃቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ጌሙ ምንድን ነው፣ የሚጫወቱት በኮምፒውተር፣ በኮንሶል ወይስ በስልክ ነው፣ የየትኛውን አካባቢ ሰርቨር (ጌሙን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ይጠቀማሉ፣ በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ፣ ዓላማቸው ውድድር ነው ወይስ መዝናናት፣ አሁን አዲስ ሰው ይቀበላሉ ወይ። የሰርቨሩን ጉዳይ እንደ ትርፍ ዝርዝር የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ከሰርቨሩ ርቆ የሚኖር ተጫዋች ፒንጉ (መልእክቱ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ስለሚጨምር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከቡድኑ ጋር እኩል ለመጫወት ይቸገራል፤ ስለዚህ ይህን አስቀድሞ ማወቁ የሁለቱንም ወገን ጊዜ ያተርፋል። «በአውሮፓ ሰርቨር ቫሎራንት የምንጫወት፣ በሳምንት ሦስት ምሽት የምንለማመድ ቡድን ነን፤ አሁን አንድ ኮንትሮለር እንፈልጋለን» (ኮንትሮለር በዚህ ጌም የተጫዋች ሚና ነው) የሚሉት ሁለት ሐረጎች ከማንኛውም መፈክር የበለጠ ያስረዳሉ። በእኔ እምነት አንድ ቡድን ጊዜ ያለው ለአንድ ነገር ብቻ ቢሆን፣ ያን ጊዜ ይህችን መግለጫ በማስተካከል ቢያጠፋው ይሻላል።

ከይዘቱ በፊት የሚመጣ ቪዲዮ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ድረ ገጽን ፍላሽ በተባለው ሶፍትዌር በተሠራ ተንቀሳቃሽ መግቢያ ማስጌጥ የተለመደ ነበር። አዶቢ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አቁሟል፤ ልማዱ ግን መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል፤ ዛሬ በቦታው የምናገኘው መላውን ስክሪን የሚሸፍን በጌሙ ውስጥ የተፈጸሙ ምርጥ ግድያዎች ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሲጫን ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፤ በስልክ ዳታ ለሚከፍተው ሰው ደግሞ ወጪም ጭምር ነው። ድምፁም ቢሆን የታሰበውን አያደርግም፤ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ጎብኚው ገጹን ካልነካ በቀር፣ ድምፅ ያለው ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር በአብዛኛው ይከለክላል። ጉግል የገጽን ፍጥነት ሲመዝን ጥሩ የሚለው ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ዌብፒ በተባለው የምስል ፎርማት የተቀመጠ አንድ ጥሩ ምስል፣ ከጎኑም ሲጫኑት ብቻ የሚጀምር ቪዲዮ ይህን ያሟላል። ትዊች በተባለው የጌም ማሰራጫ መድረክ የሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት ገጹ ላይ ሲለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ቡድኑ በሥርጭት ላይ ባልሆነበት ሰዓት ሁሉ እንግዳውን የሚቀበለው ጥቁር ሳጥን እንዳይሆን፣ ማጫወቻው እንግዳው ሲጠይቀው ብቻ ቢከፈት ይመረጣል።

ለዓይን የማይነበብ ጽሑፍ

ጥቁር መደብና ቀይ ፊደል ለጌም ቡድን እንደ ደንብ ልብስ ሆነዋል። ቀለሞቹ በራሳቸው ችግር የለባቸውም፤ ችግሩ በመካከላቸው ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። ደብሊውሲኤጂ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ በመካከለኛ ደረጃው፣ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ የ4.5 ለ1 ልዩነት ይጠይቃል። ደማቁ ቀይ በጥቁር ላይ 5.25 ለ1 ስለሚሆን ያልፋል፤ ያው ቀይ የደም መልክ እንዲይዝ ሲጠቁር ግን ወደ 2 ለ1 ገደማ ይወርዳል፤ ያኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሞኒተር ፊት የተቀመጠው ዲዛይነር የሚያነበውን፣ ከቤት ውጭ ስልኩን የያዘው ሰው ማንበብ ያቅተዋል። ድልና ሽንፈትን በአረንጓዴና በቀይ ቀለም ብቻ መለየትም ሁለቱን ቀለሞች ማምታታት የሚቀናቸውን ሰዎች ያገልላል፤ ከቀለሙ ጎን ቃሉን መጻፍ ይበቃል። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ስለ ጌጠኛ ፎንት የምለው አንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቾች በስማቸው ውስጥ ልዩ ልዩ ምልክት ማስገባት ስለሚወዱ፣ ፎንቱ እነዚያን ምልክቶች ካልያዘ ስማቸው በባዶ ሳጥን ተቆራርጦ ይታያል፤ ስለዚህ ገጹ ከመከፈቱ በፊት የሁሉም አባል ስም በፎንቱ ተጽፎ መታየት አለበት።

የሞተ የዲስኮርድ ግብዣ

ተጫዋቹ ገጹን አነበበ፣ ወደደው፣ «ተቀላቀሉን» የሚለውንም ተጫነ፤ ዲስኮርድ ግን ግብዣው እንደማይሠራ ነገረው። ተጫዋቹ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፤ ቡድኑም መጥቶ እንደነበር አያውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዲስኮርድ ግብዣ ሲፈጠር ቅንብሩ ካልተለወጠ ከ7 ቀን በኋላ ያበቃል። ለድረ ገጽ የሚሆነው ጊዜም የተጠቃሚ ብዛትም ያልተገደበለት ግብዣ ነው፤ የሚከፍተውም ደንቡንና የመግቢያ መልእክቱን የያዘው ክፍል ቢሆን እንጂ አባላቱ የሚጫወቱበት የድምፅ ክፍል ባይሆን ይመከራል። የቡድኑን ስም የያዘ ልዩ ግብዣ የሚጠቀሙ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ የቡድኑ የዲስኮርድ ሰርቨር (የመወያያ ቦታው) ልዩ ግብዣ የሚያስገኘውን ደረጃ ሲያጣ ስሙን ሌላ የዲስኮርድ ሰርቨር ሊወስደው ስለሚችል፣ አሮጌው ሊንክ እንግዶችን ወደማይታወቅ ቦታ ይመራል።

የማን ሰዓት እንደሆነ ያልተጻፈ ሰዓት

ይህ ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ግጥሚያ ያሳጣል። አምበሉ ኒውዮርክ የሚኖር፣ ከአባላቱ አንዱ ለንደን ያለ ቡድን እንውሰድ። ገጹ ላይ «እሑድ 15:00» ተብሎ ይጻፋል፤ ለንደን ያለው ተጫዋችም አምስት ሰዓት ደምሮ ሁልጊዜ በ20:00 ይገባል። አሜሪካ ግን ሰዓቷን ወደ ፊት የምታደርገው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን፣ አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት አራት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ተጫዋቹ በ20:00 ሲደርስ ግጥሚያው የተጀመረው በ19:00 ነበር፤ በውድድር ከሆነ ቡድኑ በፎርፌ ተሸንፏል። በመኸርም አንድ ሳምንት ተመሳሳይ ክፍተት ይፈጠራል።

መፍትሔው ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) አስቀምጦ የጎብኚው ብሮውዘር ወደ ራሱ አካባቢ ሰዓት እንዲቀይረው ማድረግ ነው፤ ብሮውዘሩ ተጠቃሚው ያለበትን የሰዓት ክልል ስለሚያውቅ ይህን ለማድረግ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ለሚደጋገም ልምምድ ግን ዩቲሲ ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ልምምዱ ለአባላቱ በአንድ ሰዓት ስለሚዛነፍ፣ የሚቀመጠው «በኒውዮርክ ሰዓት 15:00» የሚለው ራሱ ሆኖ የየሳምንቱ ሰዓት ከዚያ ይሰላል። ከሰዓቱ አጠገብም የሰዓት ክልሉ ስም ሁልጊዜ ይጻፍ።

ማንም የማይሞላቸው ገጾች

ፎረም፣ ዜና፣ የሥዕል ማኅደር፣ የግጥሚያ ዘገባ፣ የአባላት ታሪክ፤ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ይከፈታሉ። ዲስኮርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመምጣቱ በፊት ፎረም የቡድን ሕይወት ነበር፤ ዛሬ ግን ውይይቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ባዶውን ይቀመጣል። የመጨረሻ ዜናው የዓመት ዕድሜ ያለው ገጽ ደግሞ ለእንግዳው የሚነግረው ቡድኑ እንደፈረሰ ነው፤ ቡድኑ በየምሽቱ እየተጫወተ ቢሆን እንኳ። የአባላት ዝርዝርም የሄዱትን ይዞ ከቆየ የውድድር አዘጋጁን ያሳስተዋል። ሦስት ገጽ ኖሮት ትክክል የሆነ ድረ ገጽ አሥር ገጽ ኖሮት ካረጀው ይበልጣል፤ ቢያንስ የአባላቱንና የውጤቱን ገጽ የሚያድስ ሰው በስም መመደብ አለበት።

የመቀላቀያ ቅጹም በዚሁ ይታያል። የጌም ስም፣ በቡድን ውስጥ የሚጫወተው ሚና፣ ደረጃ፣ የሚመቸው ሰዓትና የዲስኮርድ ስም ለመጀመሪያ ንግግር ይበቃሉ። ቅጹ ሲላክ መልስ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ መግለጽ፣ ከተገለጸም ማክበር ያስፈልጋል፤ ሳይመለስለት የቀረ አመልካች ቡድኑን ለሌሎች በመጥፎ ያነሳዋልና።

የአባላቱን ደኅንነት ቸል ማለት

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስህተቶች ቡድኑን ሲጎዱ ይህ ሰውን ይጎዳል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ናቸው። ገጹ ላይ መውጣት ያለበት የጌም ስማቸው ብቻ ነው፤ እውነተኛ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የሚኖሩበት ሰፈርና ስልክ ቁጥር አያስፈልጉም። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መጠቆሚያ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከመለጠፉ በፊት ይህ መረጃ ይጥፋ። ሕግም አለበት፤ የአሜሪካው የሕፃናት የኦንላይን ግላዊነት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይገድባል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ የፈቃድ ዕድሜውን 16 አድርጎ፣ አባል አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ይፈቅዳል።

ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ድረ ገጹን ከአንዱ አባል ቤት ኮምፒውተር ማስነሳትም ከባድ ስህተት ነው። የቤቱ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) ለማንም ይገለጣል፤ የተናደደ ተቃራኒ በዲዶስ ጥቃት (ከብዙ ኮምፒውተሮች በሚላክ የጥያቄ ጎርፍ) የዚያን ተጫዋች ኢንተርኔት በግጥሚያ መሐል ሊያቋርጠው ይችላል። ለአባላት መግቢያ ካስፈለገም የይለፍ ቃል የሚያከማች የራስ ሥርዓት ከመገንባት፣ በዲስኮርድ ወይም በስቲም (የጌም መሸጫ መድረክ) አካውንት እንዲገቡ ማድረግ ይሻላል፤ ቡድኑ የማያስቀምጠው የይለፍ ቃል ከቡድኑ አይሰረቅም።

ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው እጅ መተው

ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) የተመዘገበው ገጹን በሠራው ልጅ ኢሜይል ነው፤ የሆስቲንጉ (ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ክፍያ የሚወጣው ከእሱ ካርድ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ልጁ ጌሙ ሲሰለቸው ወይም ከአምበሉ ጋር ሲጣላ ቡድኑ ስሙን ጭምር ያጣል። የብዙ ዶሜይኖች ጊዜ ሲያልፍ፣ ከተሰረዙ በኋላ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ቢኖርም ዋጋው ከመደበኛው እድሳት ይወደዳል፤ ማስመለስ የሚችለውም በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ስለዚህ ዶሜይኑ በቡድኑ የጋራ ኢሜይል ይመዝገብ፣ በራሱ እንዲታደስ ይደረግ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ይቆለፍ፤ የመግቢያውን መረጃ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት፣ የገጹ ቅጂም በየጊዜው እየወረደ ከሆስቲንጉ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።