አፕዴቱ ወጣ፣ ተጠቃሚው አልሰማም፦ ዜናውን እንዴት እናድርስ?

ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም. ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ ድሩፓል 7 የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር አንድ ከባድ የደህንነት ክፍተት የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሩፓል የደህንነት ቡድን ጉድ ተናገረ፦ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሁሉ «ሰብረው ገብተውብኛል» ብሎ ይነሳ። በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት አራት ኪሎ የሚሠራ የአይቲ ባለሙያ ወይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ወይ እራቱን በልቶ ተኝቷል።

እንደ ድሩፓል ባለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ ነገሩ የሚከብደው ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ትእዛዝ፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው። ጥገናውን ያየ ሌባ ክፍተቱ የት እንደነበር ወዲያው ይገባዋል። ሶፍትዌሩንም ማንም ቀድቶ ስለሚወስደው ማን ጋ እንዳለ ገንቢው አያውቅም። ደረሰኝ የለ፣ የደንበኛ መዝገብ የለ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለፋርማሲ፣ ለክሊኒክ ወይም ለቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ ወይም የምትጭኑ ከሆነ፣ ዜና ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

1. የጫነውን ሰው ያዙ

ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ ያለ አንድ ፋርማሲ ግቡና «ይህን ፕሮግራም ማን ነው ያስገባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ «አንድ ልጅ ነው» ነው። ልጁ በፍላሽ አምጥቶ፣ ጭኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ባለቤቷን ስለ ቨርዥን ብታወሯት «እሱ ነው የሚያውቀው» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ዜናው ቀድሞ መድረስ ያለበት ለዚያ ልጅ ነው።

አንድ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ የድርጅቱ ስም፣ የጫነው ሰው፣ ፓስወርዱን የያዘው ሰው፣ የሁለቱም ሞባይል፣ የተጫነው ቨርዥን። የቢሮ ስልክና አድራሻ ብቻ ይዞ መቀመጥ አያዋጣም። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ከነካ ወዲህ ቦታ የቀየረው ብዙ ነው፤ ሞባይሉ ግን አብሮት ሄዷል። ስልክ መስጠትን ግን ግዴታ አታድርጉት። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ሰው ሳይመዘገብ የመውሰድ መብት አለው። «ችግር ሲኖር ብቻ ነው የምንደውለው» ካላችሁት አብዛኛው ይሰጣችኋል።

2. ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ንገሩት

«አዲስ ቨርዥን ወጥቷል» የሚል መልእክት ያነበበ ሰው «ጎሽ» ብሎ ያልፈዋል። ምን ያድርግ? ዛሬ ነው ወይስ ሲመቸው? ባያደርግ ምን ይመጣል? በዚህ ቅደም ተከተል መልሱለት። የቴክኒኩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚፈለገው ወደ ኋላ መመለስ ነው። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤክስዜድ በተባለው የሊኑክስ ፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ድብቅ ሰርጎ መግቢያ፣ መኖሩ ይፋ ሆነ። ያለው በ5.6.0 እና በ5.6.1 ነበር። የተጋለጠው ፈጥኖ አፕዴት ያደረገው ሰው ነው! ምክሩም «ወደ ቀድሞው ቨርዥን ተመለሱ» የሚል ነበር። ሁልጊዜ «አፕዴት አድርጉ» ብቻ ሲሰማ የኖረ ተጠቃሚ እንዲህ ያለ ቀን ግራ ይገባዋል።

«ችግሩ ሙሉ በሙሉ ተፈቷል» ማለትም አይመከርም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ብዙ ፕሮግራሞች የሥራ መዝገብ ለመያዝ የሚጠቀሙበት የሎግፎርጄይ ክፍተት ሲታወቅ 2.15.0 መፍትሔ ነው ተባለ። አልበቃም፤ በዚያው ወር 2.16.0 እና 2.17.0 ተከታተሉ። «ለጊዜው ይህን ጫኑ፣ ሌላ ካለ እንነግራችኋለን» ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን አያፍርም።

3. በኤስኤምኤስ ቀስቅሱ፣ በቴሌግራም አስረዱ

በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። በላቲን ሲጻፍ 160 ነው፤ ግን አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ይጠር፦

«የፋርማሲው ፕሮግራም፦ ዛሬ ወደ 3.2.1 ቀይሩ። መጀመሪያ ባክአፕ። ካስቸገረ ደውሉልኝ።»

ባዶ ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ 55 ነው። ሊንክ ያልገባበት ሆን ተብሎ ነው። በኤስኤምኤስ የመጣ ሊንክ አትንኩ እያልን ስንመክር ኖረን፣ እኛው መልሰን ብንልክ ያስተዛዝባል።

ዝርዝሩ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይሁን። ግሩፕ አይሆንም፤ ማሳሰቢያው በ«እንዴት አደራችሁ» ስር ይቀበራል። ለአስቸኳይ ነገር ብቻ የሚሆን ቻናል ክፈቱ፣ የበዓል እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አትለጥፉበት። በአበባ ፎቶ የሚጮህ ቻናል ሚዩት ይደረጋል፤ ቁርጥ ቀን ሲመጣ የሚሰማው የለም። ጽሑፉን በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ለጥፉና ፒን አድርጉት።

ፕሮግራሙ ራሱም ይናገር። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር እንኳ ቀኑን ያውቃል፤ ቨርዥኑ ከወጣ 6 ወር ካለፈው «አዲስ እንዳለ ጠይቁ» ማለት ይችላል። ግን ማሳሰቢያው ካሸሯ ፊት አይምጣ። አምስት ሰው ተሰልፎ መድኃኒት እየጠበቀ ስክሪኑ መሃል ብቅ ያለ ሳጥን ዕጣው አንድ ነው፦ ኤክሷ ትጫናለች። ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ወይም የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ ይታይ።

4. ቀንና ሰዓት

የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ ሶፍትዌር በ2015 ዓ.ም. አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል። ክፍተቱ ምን እንደሆነ ሳይናገር፣ 3.0.7 ማክሰኞ ጥቅምት 22 እንደሚወጣ ከሳምንት በፊት አስታወቀ። ሰዓቱም ተነግሮ ነበር፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሌባው ምንም ፍንጭ አላገኘም፤ የሚጭነው ሰው ግን ቀኑን ነፃ አድርጎ ጠበቀ።

እናንተ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። «4 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ ይጠብቃችኋል። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የፈረንጁን ነው። ዓርብ ከሰዓት አትልቀቁ። ሰኔ መጨረሻ በጀት ሲዘጋ ደግሞ ሒሳብ ክፍል ኮምፒውተሩን አያስነካችሁም፤ የማያጣድፍ ከሆነ ሐምሌን ጠብቁ።

5. ፋይሉን በቻት አትላኩ

ተጠቃሚው ፋይልን ከቴሌግራም መቀበል ከለመደ፣ ነገ ሌላ ሰው በእናንተ ስምና ሎጎ ሲልክለት አይለይም። ሁልጊዜ ከአንድ የታወቀ ቦታ ይውረድ። መጠኑን በሜጋባይት ንገሩት፤ ጥቅል ገዝቶ ነው የሚያወርደው። ዳታ የሌለው በፍላሽ መቀባበሉ አይቀርም። ለእሱ ሃሽ የሚባለውን የፋይሉን አሻራ ቻናሉ ላይ ለጥፉለት። ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስሌት የተሠራ ከሆነ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። እሱም የደረሰውን ፋይል አሻራ አውጥቶ ከቻናሉ ጋር ያስተያይ። አንዷ እንኳ ከተለየች ፋይሉ ተነክቷል ወይ ተበላሽቷል፣ አይጫን። አሻራው እዚያው ፍላሽ ላይ ከተቀመጠ ግን ዋጋ የለውም፤ ፋይሉን የቀየረ እሱንም ይቀይረዋል።

6. ደውላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

ቴሌግራም ስንት ሰው እንዳየው ይነግራችኋል። ስንት ሰው እንደጫነው አያውቅም። ስትደውሉ «ጫናችሁ?» አትበሉ፤ በይሉኝታ «አዎ» ይሏችኋል። «መግቢያው ላይ ቨርዥን ስንት ይላል?» በሉ። ለዚህም ቁጥሩ መግቢያው ስክሪን ላይ በጉልህ መታየት አለበት፤ ሜኑ ውስጥ ከተደበቀ በስልክ ማስፈለግ ፈተና ነው። የተነገራችሁን ቁጥር ከነቀኑ ሰንጠረዡ ላይ አስፍሩ።

ስልክ የማያነሳ ካለ በእግር ሂዱ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ምን አላት። ሄዳችሁ ልጁ ሥራ ለቋል ከተባላችሁ፣ የተተካውን ሰው ስልክ ሳትይዙ አትውጡ።