ከፍታ ላይ የሚታፈን ባለ አራት ጎማ ሞተር፦ የሠራልኝ መፍትሔ

ቆላ ላይ እንደ ልቡ ይሮጥ የነበረው ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ባለ አራት ጎማ ሞተሬ 3,000 ሜትር ላይ ታፈነብኝ። ቀስ ብዬ ስነዳው ደህና ነው። ቤንዚን እስከ መጨረሻው ስሰጠው ግን ይንተፋተፋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

መጀመሪያ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ቀየርኩ። አዲሱም ወዲያው ጠቆረ። የአየር ማጣሪያውን አጸዳሁ፣ ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

ፍንጩ ያለው ካንዴላው ላይ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ፣ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም።

ስለዚህ ሜይን ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አውጥቼ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ጄት ተካሁት። መንተፋተፉ ጠፋ። መካከለኛ ፍጥነት ላይ ትንሽ መጎተት ቀርታ ነበር። እሷን፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነውን መርፌ ክሊፕ (ከፍታዋን የሚወስነውን ትንሽ መያዣ) አንድ እርከን ወደ ላይ በማውጣት አስተካከልኳት። ክሊፑ ሲወጣ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ካንዴላው አሁን ቡናማ ነው፤ ቤንዚኑና አየሩ ተመጣጥነዋል ማለት ነው።

ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው። አደራ፣ የድሮዋን ጄት አትጣሏት። ወደ ቆላ ስትወርዱ መልሳችሁ ግጠሟት። አለበለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተኑ ሊበላሽ ይችላል።