በጂምፕ 2.99 የተሠራ ፋይል 2.10 ላይ አልከፈት ሲል

በምስል ማስተካከያው ፕሮግራም በጂምፕ 2.99 የተሠራ ፖስተር ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት አለ። እዚያ ያለው 2.10 ነው። የሚያመጣው መልእክት የኤክስሲኤፍ (የጂምፕ የራሱ ፎርማት) ፋይሉን ስሪት አላውቀውም የሚል ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን በፍላሽ እንደገና ገለበጥኩት። ያው ነው። 2.10ን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ፤ ወይ ፍንክች። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፎርማት) መቀየርም አይሠራም። ልብስ ቢቀየር ሰውዬው ያው ነው።

የሠራው ይሄ ነው፦ ፋይሉን በ2.99 ከፈትኩና ከፋይል ሜኑ ኤክስፖርት ብዬ በኦፕን ራስተር ፎርማት (.ora) አወጣሁት። 2.10 ያለምንም ማንገራገር ከፈተው። ሌየሮቹ (ምስሉ የተሠራባቸው ንብርብሮች) ከነስማቸው አሉ። ጽሑፉ ግን ምስል ሆኗል። «ረቡዕ» የሚለውን «ሐሙስ» ለማድረግ ሌየሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ስለዚህ ዋናውን ኤክስሲኤፍ እንዳትሰርዙት።

ነገሩ ቁጥሩ ላይ ነው። በጂምፕ ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ገና እየተሠራ ያለ የሙከራ ስሪት ነው። 2.9 ለ2.10፣ 2.99 ደግሞ በ2025 ለወጣው 3.0 መንደርደሪያ ነበሩ። 3.1ም እንደዚያው። አዲስ ነገር መሞከር ደስ ይላል፣ እኔም እወዳለሁ፤ የደንበኛ ሥራ ግን በተረጋጋው ስሪት ይሠራ። ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፣ ሴቲንጋቸውም አይነካካም።

ተቀባዩ 3.0 መጫን ከቻለ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የ2.99ን ፋይል በቀጥታ ይከፍተዋል።